የጣሪያና ግድግዳ

ሰኔ ሊያልቅ ሁለት ቀን፤ ከጦሳ አናት ላይ
ጉሙ እየወረደ፣
የደሴን ጣሪያዎች አንድ ባንድ ዳብሶ
ቆጥሯቸው ሄደ።
እኔም እንደ ጉሙ ጣሪያ ቆጣሪ ነኝ፤
ማዘጋጃ ቤቱ ጥቅልል ሜትር፣ እርሳስ፣ መዝገብ ያስታጠቀኝ።
የሰው ቤት ስለካ ዐሥራ ሰባት ዓመት፣
ዛሬም ተከራይ ነኝ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ባንዲት ክፍል ቤት።

በሚያዝያ ነበረ፣
ከሰኞ ገበያ በላይ ካለው ዳገት
ወይዘሮ ዙሪያሽ ይመርን
ስፌት መኪናዋ ላይ ደፋ ብላ ያገኘኋት።
«ግባና ለካ» አለች፤ እግሯ ከመርገጫው ሳይነሣ።
የፊቱ ግድግዳ አራት ሜትር ከሃያ፤
የጎኑ ሦስት ተኩል፤
ቆርቆሮው የዛገ፣ ሠላሳ ሁለት ቅጠል።
በጓሮ ስዞር ግን ሜትሬ ጫፉን የሚያስይዝበት አጣ፤
አምና ቦይ ሲደፈን፣ ጎርፉ በዚያ መጣ፤
ጭቃውን ከነጭዱ፣ ማገሩን ከነምርጉ
ለቦርከና ሰጠ፤
ባራት ምስማር ተወጥሮ ሰማያዊ ሸራ
በቦታው ተቀመጠ።

«እስቲ ንገረኝማ፤ ይኼ ሸራ» አለች፣ «በየት ይገባል?
ጣሪያ ነው ግድግዳ?»
ሳጥን የለው ለሸራ፤ ቅጹም እንደኔው ሆነ
ለነገሩ እንግዳ።
አዘንኩ መሰለኝ፤
«ይኼን ጎን ልተወው፣ አልጽፈውም» ብዬ ድምፄን ዝቅ አደረግኩኝ።
መቀሷን አኖረች።
«ጻፈው!
አምስት ሜትር ከሩብ። ባሌ ምርጉን ሲመርግ
ውሃ ያቀበልኩት እኔው ነኝ፤ ልኩን አውቀዋለሁ።
ሰርዘኸው ብትሄድ፣ ነገ ‹ቦይ ጥረጉ› ብዬ ስመጣ
‹የምን ግድግዳ?› ነው፤ ‹ከመዝገብ ወጥቷል› ነው መልሱ።
የሌለውን ግድግዳ ግብሩን እከፍላለሁ፤
ከተማው የግድግዳ ዕዳ ይኖርበታል፣
እኔ ደረሰኝ ይኖረኛል።»
ጻፍኩት።

ምክር ቤቱ ሲሰየም መስኮቱ በትንፋሽ ታውሮ ነበር፤
ፀሐፊው ታሞ ነው ቃለ ጉባኤው ለኔ የደረሰ።
አቶ ሙሄ ደምሰው፣ የገንዘቡ ሹም፣ መነጽሩን ደጋግሞ እያበሰ፣
«የበጀት ጣሪያችን ይኸው ነው» አለ፤ «ከጣሪያ በላይ አንሄድም።»
ይኼን ሲል ካዳራሹ ጣሪያ አንዲት ጠብታ ወርዳ
‹ልዩ ልዩ ወጪ› ላይ አረፈች።
ማንም ቀና አላለም።

ገቢ ከወጪ ጋር አልገጥም አለ።
አንዱ «በካሬ ሜትር ሃምሳ ሳንቲም ይጨመር» ሲል፣
ሌላው «ሕዝቡ ምን በልቶ?» አለ።
የሆጤዋ ተመራጭ የመብራት ምሰሶ፣
ከጎኗ ያለው የመቃብር አጥር፣
አንድ ሽማግሌ፣ ካንቀላፉበት ነቅተው፣ የውሻውን ብዛት አነሡ።
ማንም አልዋሸም፤ እኔን የጨነቀኝ ይኸው ነው፤
የጠየቁት ሁሉ የሚያስፈልግ ነው።
ሲመሽ ሲመሽ ግን ዐይን ሁሉ
የማይጮኽ መስመር ፍለጋ ወረቀቱን ወርዶ ወርዶ
አገኘ፦ ‹ቦይ ጠረጋና ጥገና፣ ከሰኞ ገበያ በላይ›።
«ለከርሞ ይዘዋወር።»
እጅ ወጣ፤ ቆጠርኩት።
ገቢ ገጠመ ከወጪ፤
በጀቱ ቤት መታ።

ሐምሌ አንድ ጠዋት፣ መስኮቱ ሳይከፈት፣
ዙሪያሽ ከሰልፉ ፊት።
ብሩን ከመሃረብ ፈታ፣
ላለውም ለሌለውም ግድግዳ ከፍላ፣
ደረሰኙን ሁለቴ አንብባ፣ አራት ላይ አጥፋ፣
«ቦዩስ?» አለችኝ።
ጫማዬን አየሁት።
«ዘንድሮ እንኳ...» ብዬ ሳልጨርስ
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ መልሱን ጀመረልኝ።

ሌሊቱን ዘነበ።
ጎርፉም ቤት መታ።
ሲነጋ ዳገቱን ሜትሬን ይዤ ወጣሁ፤
ሦስት ተኩሉ የለም።
ዙሪያሽ ምስማር በጥርሷ ይዛ፣
ሁለተኛ ሸራ እየወጠረች፣
ዞር ብላ አየችኝ፤ ምስማሩን ከአፏ አወጣች፤
«ይኼንንም ጻፈው» አለች።